የባርዳን መርዶ

ባለፈው ሳምንት ከዊንጌት ወደ ሸጎሌ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ተማሪዎች ስለ አንድ ተከታታይ ፊልም ይከራከሩ ነበር። ዝናብ መቷቸው ስለገቡ ታክሲው በእርጥብ የዩኒፎርም ሹራብ ሽታ ታፍኗል። አንደኛዋ ዘንዶ ጠባቂው መጨረሻ ላይ ካልሞተ ታሪኩ አይጥምም ትላለች፤ ሌላዋ እሱ ከሞተ ሁለተኛ ዓይኔን አላሳርፍበትም ትላለች። ሁለት ፌርማታ ያህል ተጨቃጭቀው «በቃ እንደፈለግሽ» ተባባሉና ወደየስልካቸው ተመለሱ። ዞር ብዬ ይኼም ክርክር ተብሎ ነው ልላቸው ምንም አልቀረኝም።

እኔ በዚሁ ሰፈር፣ በአስራ አንድ ዓመቴ፣ በዚህ ጉዳይ ክረምቱን ሙሉ የተከራከርኩ ሰው ነኝ። ሐምሌን ጀምረን ነሐሴን ጨርሰንበታል። ጸሎት ተጸልዮበታል፣ ስለት ተስለንበታል፣ ሁለት የልብ ጓደኛሞች አራት ቀን ተኳርፈንበታል። ያን የሹራብ ሽታ ስስበው ያ ክረምት ከነጭቃው መጣብኝና መውረጃዬን አልፌ ሄድኩ።

ግቢያችን ጉለሌ ውስጥ ከአስፋልቱ ዝቅ ብሎ የሚገኝ ሰባት አባወራ የሚኖርበት የቀበሌ ቤት ነበር። ቧንቧው አንድ ነው፤ ውኃም የምትመጣው ማክሰኞና ዓርብ ብቻ ነው። ቴሌቪዥን ያለው በየቤቱ ነበር፤ ዲሽ ያለው ግን የማህሌት ቤት ነው። ማህሌት ከእኔ በሁለት ወር ትበልጣለች፤ ሁለቱን ወር ደግሞ ሁለት ዓመት አስመስላ ትይዘው ነበር። ቅዳሜ ምሽት አንድ ሰዓት ላይ የግቢው ልጅ ሁሉ እነሱ ቤት ወለል ላይ ይዘረጋል። «ሰባቱ በሮች» ይጀምራል፣ በአማርኛ የተተረጎመ።

ታሪኩን ለማያውቅ ሰው በአጭሩ ልንገር። ስምንት ሰዎች ከተረገመች አገራቸው አምልጠው ባሕሩ ጋ ለመድረስ ሰባት በር ማለፍ አለባቸው። እያንዳንዱ በር የሚከፈተው አንድ ሰው ውስጡ ሲቀር ነው፤ የቀረ ሰው አይመለስም። ስምንት ሰው፣ ሰባት በር። ሒሳቡን ገና በመጀመሪያው ሳምንት ሠርተን ጨርሰነዋል፤ የሚተርፈው አንድ ሰው ብቻ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ አምስቱ በሮች ታልፈው ሦስት ሰው ቀርቷል። ልጇን ፍለጋ የምትሄደው ልዕልት ናይራ አለች። ጸጉሩን በየክፍሉ በአዲስ አሠራር የሚሠራው ጦረኛው ኬል አለ። የበሮቹን ቁልፎች በወገቡ አንጠልጥሎ ጉልበቴን አመመኝ እያለ የሚያዘግመው ሽማግሌው በረኛ ባርዳንም አለ።

ክርክሩ የሚካሄደው ቧንቧው ጋ ጀሪካን ደርድረን ተራ ስንጠብቅ ነበር። ማህሌት የኬል ጠበቃ ናት። ኬል ገና ወጣት ነው፣ አላገባም፣ አልወለደም፣ ዓለምን አላየም ትላለች። ሴቶቹ ጀሪካናቸው ላይ ተቀምጠው ናይራ ትትረፍ ይላሉ፤ የልጅ እናት እንዴት ትሞታለች? እኔ የባርዳን ወገን ነበርኩ። መንገዱን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፣ እሱ ከሞተ ባሕሩ ጋ ማን ያደርሳቸዋል ስል ማንም አጥጋቢ መልስ አልነበረውም። በክርክር ተሸንፌ አላውቅም ብል ጉራ ይመስላል፤ ግን እውነት ነው፣ ማህሌትንም መጠየቅ ይቻላል።

እናቴ ጥንቆላ ያለበት ነገር በጌታ ቤት ልጅ አይታይም ባይ ነበረች። እኛ ጴንጤዎች ነን፤ ፊልሙ ውስጥ ደግሞ በየበሩ ድግምት አለ። ስለዚህ ቅዳሜ ሲመሽ እኔን ለመውሰድ ማህሌት ቤት ትመጣለች። በሩ ላይ ነጠላዋን አጣፍታ ትቆምና «ልወስዳት ነው» ትላለች። ክፍሉ እስኪያልቅ ድረስ ግን አትወስደኝም። አንድ ቀን ማስታወቂያ ሲገባ «አሁን ይቺ ናይራ ያን ድልድይ ባትሻገር ምን ነበረበት?» ያለችው እሷ ናት። ማንም አልሳቀባትም፤ እንኳን እናቴ የማህሌት አያትም አስተያየት ነበራቸው።

አባባ ደምሴን ወደዚህ ነገር ያስገባቸው የእኔ ጩኸት ነው። አባባ ደምሴ ከውጭው በር አጠገብ ባለችው ቤት ከልጃቸው ከእትዬ ዘነቡ ጋር የሚኖሩ፣ ከሃያ ዓመት በላይ የሰፈሩ እድር ጡሩምባ ነፊ የነበሩ ሰው ናቸው። ሰው ሲሞት በማለዳ ተነስተው፣ ዳገቱን ወጥተው ቁልቁለቱን ወርደው፣ በየመንደሩ እየቆሙ ጡሩምባቸውን ነፍተው እከሌ አርፏል፣ ቀብሩ በዚህ ሰዓት ነው እያሉ የሚለፍፉት እሳቸው ነበሩ። ዓይናቸውን ሞራ ሲጋርደው ዳገቱን መውጣት አቃታቸውና ጡሩምባው ለሌላ ሰው ተሰጠ። ያን ክረምት ቀኑን ሙሉ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው የቧንቧውን ወሬ ያዳምጡ ነበር። አንድ ማክሰኞ «ያቺን ጯሂዋን ጥሩልኝ» አሉ። ጯሂዋ እኔ መሆኔን ለመገመት ማንም ጊዜ አልወሰደበትም።

ባርዳን የሚባለው ማነው፣ ለምንስ ነው የምትሟገችለት ብለው ጠየቁኝ። ከመጀመሪያው በር ጀምሬ ነገርኳቸው። ጀሪካኔ ሞልቶ ሲፈስ ማህሌት ስትጠራኝ አልሰማኋትም። ስጨርስ ባርዳን ስንት ዓመቱ ነው አሉ። እንደ እርስዎ ነው አልኳቸው። ጥቂት አሰቡና በሕጉ ከሆነ መቅደም ያለበት ሽማግሌው ነው፣ ልጅ አባቱን ይቀብራል እንጂ አባት ልጁን አይቀብርም አሉ። ቀጥለው ደግሞ «እኔ ግን እንዲሞት አልፈልግም» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ልብሴን ሳልቀይር እሳቸው ጋ እሄዳለሁ። የቅዳሜውን ክፍል ከነሰይፉ ድምፅ እተርክላቸዋለሁ።

ገና በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ነገር አስማሉኝ። ታናሽ ወንድማቸው ሲሞት ሰፈሩ በሙሉ ለሁለት ወር ደብቋቸው ነበር። ሚስታቸው ታመው ስለነበር መርዶው ይቆያቸው ተብሎ ነው። እሳቸው በየማለዳው የሌላውን ሰው ሞት ሲለፍፉ፣ የሚሰማቸው ሰው ሁሉ የእሳቸውን ያውቅ ነበር። ሰው አልቅሶ ከጨረሰ በኋላ ብቻዬን አለቀስኩ አሉኝ። ያን ሲናገሩ ድምፃቸው አልተለወጠም፤ የጋቢያቸውን ጫፍ ግን እየጠቀለሉ ይፈቱ ነበር። «ቤቲ፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ ማንም ቢሞት በማግስቱ ትነግሪኛለሽ። እኔ የሚደበቅልኝ ነገር አልወድም» አሉ። ማልኩ። ጴንጤ አይምልም፤ ግን ማልኩ።

እናታቸው ከወለዷቸው ልጆች የቀሩት እሳቸውና ታላቅ እህታቸው እማማ አስካለ ነበሩ። እማማ አስካለ የሚኖሩት ፍቼ ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ይደውላሉ፤ ሁለቱም ጆሯቸው ስለደከመ ይጮሃሉ። ግቢው ሁሉ የፍቼን ገብስ፣ የላሟን መውለድና የዝናቡን ሁኔታ በየሳምንቱ ይሰማል። አባባ ደምሴ ለእህታቸውም ስለ ባርዳን ይነግሯቸው ጀመር። እማማ አስካለ እውነተኛ ሰው መስሏቸው ጉልበቱን በቅቤ ይታሽ ብለው መከሩ።

በሐምሌ አጋማሽ አባባ ደምሴ ለሞራው አንድ ዓይናቸውን ኦፕራሲዮን ተደረጉ። በነጭ ፋሻና በፕላስቲክ ክዳን ተሸፍነው መጡ። እትዬ ዘነቡ የሐኪሙን ትእዛዝ ለግቢው ሁሉ አዋጅ አድርጋ ነገረች። አጎንብሰው አይነሱ፣ ጭስ አይግባባቸው፣ ከሁሉም በላይ አያልቅሱ። እኔን ለብቻዬ ጠርታ «አንቺ ልጅ፣ በዚያ ፊልምሽ አባዬን እንዳታስለቅሺብኝ። ዓይኑ ቢበላሽ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ» አለችኝ። እትዬ ዘነቡ ፋብሪካ ውላ ደክማ የምትገባ፣ ቴሌቪዥን የሥራ ፈት ነገር ነው የምትል፣ የማትቀልድ ሴት ናት። እሺ አልኳት። ከመሐላዬ ጋር የሚጋጭ ነገር ይመጣል ብዬ አላሰብኩም።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ባርዳን በቀስት ተመቶ ቆሰለ። ከቀስቱ ይልቅ ሳሉ አስፈራኝ። በማግስቱ ሰንበት ትምህርት ቤት መምህራችን የጸሎት ርእስ ያለው ሲሉ እጄን አወጣሁ። ባርዳን የሚባል በጠና የቆሰለ አንድ ሽማግሌ ሰው አለ አልኩ። ሠላሳ ልጅ ዓይኑን ጨፍኖ ባርዳንን ጌታ እንዲነካው ድምፁን ከፍ አድርጎ ጸለየ። እኔም ከልቤ ነበር የጸለይኩት፣ እንባዬ ወርዷል። ችግሩ የመጣው ከጸሎቱ በኋላ ነው፤ መምህራችን ብርቱካን ይዘን ሄደን እንጠይቀው አሉ። ሩቅ ነው አልኩ። ሥራውን ጠየቁኝ፤ በር ላይ ነው የሚሠራው አልኩ። ጥበቃ ነው ማለት ነው አሉና የበለጠ አዘኑለት። ከዚያ በኋላ ለሦስት እሑድ ባርዳን ተሻለው ወይ እያሉ ጠይቀውኛል።

ማህሌት ይህን ስትሰማ ዝም አላለችም። በነጋታው ነጠላዋን ለብሳ ወደ ደብሩ ሄደችና ኬል ከተረፈ አንድ እስር ጧፍ አገባለሁ ብላ ተሳለች። ስለዚህ ነገሩ የእኔና የእሷ ብቻ መሆኑ ቀረ። እኔ በአንድ በኩል ሠላሳ ልጅ አሰልፌአለሁ፣ እሷ በሌላ በኩል ታቦት ይዛለች። ማን እንደሚሰማ እናያለን ተባብለን ተለያየን።

የስድስተኛው በር ክፍል የታየው በረዶ በጣለበት ቅዳሜ ነው። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው በረዶ የተዋናዮቹን ድምፅ እየዋጠው ስለነበር ሁላችንም ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠግተን ተደራርበናል። ባርዳን ቁልፎቹን ከወገቡ ፈትቶ ለናይራ ሰጣት። ወደ ጨለማው ገባ፤ ዞር ብሎም አላየም። በሩ ተዘጋ። የማህሌት አያት ደረታቸውን መቱ፤ እናቴ በሩ ላይ እንደቆመች በነጠላዋ አፏን ያዘች። ማህሌት ወደ እኔ ዞራ «ታቦቱ ሰማኝ» አለችኝ። አራቱን ቀን የተኳረፍነው በዚህ ነው። በረዶው ባይኖር ኖሮ የግቢው ለቅሶ አባባ ደምሴ ጋ በደረሰ ነበር።

እሑድ ልነግራቸው ቆርጬ ሄድኩ። መንገድ ላይ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር አዘጋጅቻለሁ። አባባ ደምሴ ፋሻቸውን እንዳደረጉ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኛል። ገና ሳልቀመጥ «ባርዳን እንዴት ነው?» አሉ። ከኋላቸው እትዬ ዘነቡ ሽንኩርት ትከትፋለች፤ እጇን አቆመችና አየችኝ።

«ደህና ነው» አልኩ።

ዋሸሁ ማለት ነው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ ይባላል። ባርዳን ደህና ከሆነ የሆነ ነገር መሥራት አለበት። ስለዚህ በሩን የሚከፍት ሌላ ሰው ፈጠርኩ፤ ከየት እንደመጣ ያልታወቀ የኬል አጎት። አጎትየው በባርዳን ፋንታ ገባ፤ ሦስቱ ተጉዘው ወንዝ ደረሱ። በሚቀጥለው ሳምንት ባርዳን ጉልበቱን በቅቤ ታሽቶ ተሻለው። ይህን ስነግራቸው አባባ ደምሴ በጣም ሳቁ፣ «አስካለ ትስማ፣ መድኃኒቷ ሠራ» አሉ። እውነቱን ለመናገር የእኔ ባርዳን ከፊልሙ ይሻል ነበር። ይህን ዛሬም እላለሁ። መሐላዬን ግን አፍርሻለሁ፤ እሳቸው የሚጠሉትን ያንኑ ነገር አድርጌባቸዋለሁ።

መጀመሪያ በዋሸሁበት ሳምንት ያየሁት ነገር ግን ሸክሜን አቀለለልኝ። ረቡዕ እትዬ ዘነቡ የፋብሪካ ጉዳይ ነው ብላ ከግቢው ወጣች፤ ሐሙስ ማታ ነው የተመለሰችው። እኔ ከውጭው በር ውጭ እናቴ ጋ ቆሜአለሁ። እትዬ ዘነቡ ዓይኗ አብጧል። ጥቁር ሻሽና ጥቁር ነጠላ ለብሳለች። በሩ ጋ ስትደርስ ሁለቱንም አውልቃ፣ በፌስታል ጠቅልላ ለእናቴ ሰጠቻትና ነጭ ነጠላ ለበሰች። እናቴ ትከሻዋን ይዛ «ዓይናቸው እስኪፈታ እንዳይሰሙ፤ ሁላችንም አፋችንን እንይዛለን» አለቻት። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ወርቁም ከወዲያ መጥተው ሐኪሙ ሲፈቅድ በሥርዓቱ እንነግራቸዋለን፣ እስከዚያ ልጆቹም እንዳይናገሩ አሉ።

እኔ ብልጧ ወዲያው ገባኝ። ግቢው በሙሉ የባርዳንን ሞት ከአባባ ደምሴ እየደበቀ ነው። እትዬ ዘነቡ ቴሌቪዥን አላይም ስትል ኖራ ለካ በድብቅ ታያለች፣ ጭራሽ ጥቁር እስከ መልበስ ድረስ አዝናለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደድኳት። ለማህሌት ልነግራት ስል ኩርፊያችንን ተውኩት። ማህሌት ትንሽ አሰበችና ለፊልም ሰው ጥቁር ይለበሳል እንዴ አለች። አንቺስ ጧፍ ተስለሽ የለ አልኳት።

ከዚያ እሑድ ጀምሮ እማማ አስካለ አልደወሉም። አባባ ደምሴ ሲጠይቁ እትዬ ዘነቡ ስልካቸው ተበላሽቷል አለች። በቀጣዩ እሑድ ኔትወርክ የለም አለች። አባባ ደምሴ ስልኩን ጭናቸው ላይ አድርገው እስኪመሽ ይቀመጣሉ። እኔ ያን አይቼ ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። ሐሳቤ ሁሉ ለባርዳን አዲስ አደጋ ፈጥሬ እንዴት እንደማስወጣው ነበር።

በነሐሴ መጨረሻ ፋሻው ተነሳ። አባባ ደምሴ ደጃፋቸው ላይ ቆመው የቧንቧውን ጀሪካኖች በየቀለማቸው ቆጠሩ። እኔን ሲያዩ ድምፅሽን ስሰማው ትልቅ ልጅ መስለሽኝ ነበር፣ ለካ ጫጩት ነሽ አሉኝ። ሐኪሙ ዓይናቸው ድኗል፣ ከእንግዲህ አያሰጋም አለ። ቅዳሜ ማታ የ«ሰባቱ በሮች» የመጨረሻው ክፍል ታየ። ሁላችንም ጮኸን፣ አልቅሰን፣ ተከራክረን ተኛን። ማታውን በሙሉ የማስበው አንድ ነገር ነበር። ነገ እሑድ ነው፤ ነገ እውነቱን እነግራቸዋለሁ።

በማለዳ ለሽንት ስወጣ ቧንቧው አጠገብ ሰዎች ቆመው አየሁ። ጋሽ ወርቁ፣ ሌሎች ሁለት የእድር ሽማግሌዎች፣ እናቴ፣ የማህሌት አያትና ሌሎች ሴቶች ናቸው። ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። በሹክሹክታ ነው የሚነጋገሩት። እትዬ ዘነቡ ያን ፌስታል ይዛለች። መርዶ እንዴት እንደሚነገር የሰፈሬ ልጅ ሁሉ ያውቃል፤ በማለዳ ነው፣ ብዙ ሆኖ ነው፣ ሰላምታ ሳይሰጡ ገብተው ነው። እንግዲህ የባርዳንን መርዶ ሊነግሯቸው ነው ማለት ነው።

በጣም ተናደድኩ። ክረምቱን ሙሉ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። የማልኩት እኔ ነኝ፣ የዋሸሁትም እኔ ነኝ። አሁን ሌላ ሰው ገብቶ ሲነግራቸው ከሁሉም በፊት የማውቀው እኔ ውሸታም ሆኜ ልቀር ነው። ሰዎቹ ገና ማን ይቅደም ሲባባሉ በጭቃው በባዶ እግሬ ሮጥኩና አልፌአቸው ገባሁ። እናቴ ከኋላዬ ስሜን ስትጠራ ሰምቻለሁ።

አባባ ደምሴ ጋቢያቸውን ተከናንበው አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ዳዊታቸውን ከስንት ጊዜ በኋላ በራሳቸው ዓይን እየደገሙ ነበር። በማለዳ ምን አመጣሽ አሉኝ። ሰዎቹ ከኋላዬ አንድ በአንድ ገቡ። ማንም እንዴት አደሩ አላለም።

«አባባ» አልኩ፤ «ባርዳን ሞቷል። ስድስተኛው በር ላይ ነው የቀረው። ሦስት ሳምንት አልፎታል። ያ አጎትየው የሚባል ሰው የለም፣ እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ዓይንዎ እስኪድን ብዬ ነው የደበቅኩዎት፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

አባባ ደምሴ እኔን አላዩም። ዳዊቱን ዘጉ። በአዲሱ ዓይናቸው ከእኔ ራስ በላይ የገቡትን ሰዎች አንድ በአንድ አዩ፤ ሽማግሌዎቹን፣ የተዘቀዘቀውን ነጠላ፣ በሩ ላይ የቆመችውን ልጃቸውን።

«አውቄዋለሁ ልጄ» አሉኝ። «ለባርዳን ግን ይህን ያህል ሰው አይመጣም።»

ጋሽ ወርቁ ጉሮሯቸውን ጠርገው እንግዲህ ጋሽ ደምሴ፣ እርስዎ ስንቱን ያጽናኑ ሰው ነዎት፣ ሞት ለማንም የማይቀር ነው ብለው ጀመሩ። አባባ ደምሴ እጃቸውን አነሱ።

«ወርቁ፣ ይህን ቃል ያስተማርኩህ እኔ ነኝ። ስሙን ብቻ ንገረኝ።»

«እትዬ አስካለ ናቸው» አሉ ጋሽ ወርቁ።

«መቼ?»

«ሦስት ሳምንት ሆነ።»

እኔ ያኔ ነው የገባኝ። ጥቁሩ ነጠላ፣ የተበላሸው ስልክ፣ የእናቴ ሹክሹክታ አንድ ላይ ገጠሙልኝ። አባባ ደምሴ ድምፅ ሳያሰሙ ማልቀስ ጀመሩ፤ እንባው ከሁለቱም ዓይኖቻቸው እኩል ይወርድ ነበር። እትዬ ዘነቡ ሮጣ እግራቸው ሥር ወደቀችና ዓይንህን አባዬ፣ ዓይንህን ጠብቅ እያለች ለመነቻቸው። «ታዲያ የዳነው ለምን ሆነና» አሏት። ያን ጊዜ ሴቶቹ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አለቀሱ። እኔም ባርዳንን ረስቼ አለቀስኩ።

በለቅሶው መሐል አባባ ደምሴ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ ታውቂ ነበር?» አሉኝ።

«አላወቅኩም አባባ። እኔ የደበቅኩት ባርዳንን ብቻ ነው።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። እናቴ እጄን ይዛ አስወጣችኝ። ትገርፈኛለች ብዬ ነበር፤ አልገረፈችኝም፣ እግሬን አጥባ አልጋ ላይ አስቀመጠችኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ትልልቆቹ ሰዎች ደበቋቸው፤ ግን እነሱ አልማሉም። የማልኩት እኔ ነኝ። ከእንግዲህ እኔን አምነው ምንም ነገር ንገሪኝ እንደማይሉ እርግጠኛ ነበርኩ።

ግቢው ውስጥ ሸራ ተወጥሮ ሦስት ቀን ሰው ተቀመጠ። ከፍቼ ዘመድ መጣ፣ እድርተኛው ሁሉ መጣ። የእኔ መምህርም መጡ፤ ሟቹ ያ ጥበቃው ባርዳን ነው ወይ ብለው እናቴን ጠየቋት፣ እሷ ምን እንደመለሰችላቸው አላውቅም። እኔና ማህሌት ከሸራው ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ወደ ውስጥ እናያለን። ማህሌት ያን ሰሞን ስለ ኬል አንድ ቃል አልተናገረችም። ክፉ ልጅ አልነበረችም።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሰው ሲሳሳ አባባ ደምሴ አስጠሩኝ። ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው ቀልቷል፣ ግን ያያሉ። ማህሌትም ተከትላኝ ገባች። ከፊታቸው ቆምኩ። ጋሽ ወርቁና ሁለት ሦስት ሰዎች የካርታ ጨዋታቸውን አቁመው አዩን።

የመጨረሻው ክፍል ታየ ወይ አሉኝ። ቅዳሜ ታየ አልኩ።

«ተቀመጪና ንገሪኝ።»

ተቀመጥኩ። ደስ አለኝ፤ በለቅሶ ቤት ደስ ማለቱ ነውር መሆኑን እያወቅኩም ደስ አለኝ። ድምፄን ጠረግኩና ናይራና ኬል ሰባተኛው በር ጋ ሲደርሱ ብዬ ጀመርኩ። አባባ ደምሴ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ከዚያ አይደለም። ከዋሸሽኝ ቦታ ጀምሪ» አሉ። «ያልተረፈውን ደግሞ እንዳታስተርፊልኝ።»

እትዬ ዘነቡ ጥቁሯን ለብሳ ከጓዳ ብቅ አለች፤ በሩን ተደግፋ ልትሰማ ቆመች። እኔም ወደ ስድስተኛው በር ተመለስኩ። ባርዳንን ቁልፎቹን አስፈታሁት፣ ወደ ጨለማው አስገባሁትና በሩን ዘጋሁበት።